በሃያ አንድ ሞተው በሃያ ሦስት የታመሙት አባቴ

ቴሌግራሟን የላክኋት እኔ ነኝ። አምስት ቃል ነበረች፦ «አባትህ በጠና ታመዋል ቶሎ ድረስ»። እሷን ሳስጽፍ አባቴ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የቆዳና የእህል ነጋዴ ነኝ። ያልደረቀ ቆዳ ደረቅ ነው ብዬ ምያለሁ። ነቀዝ የጎበኘውን ባቄላ «ነቀዝ እኮ የሚመርጠው ጣፋጩን ነው» ብዬ አሳልፌአለሁ። ከነዚህ ስለ አንዱም ጽሕፈት ቤት ጠርቶ የጠየቀኝ የለም። ውሸታም ተብዬ ጠረጴዛ ፊት የቆምኩት፣ ውሸት ነው ብዬ ባልቆጠርኳት በዚያች በአምስቷ ቃል ነው።

አገራችን ጋይንት ነው። አባቴ ከቤተ ልሔም ወዲህ ባለች አንዲት ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። እኔን ዳዊት ላይ ሞክረውኝ «የዚህ ጆሮው ያለው ገበያ ላይ ነው» ብለው ለገበያ ተዉኝ፤ አልተሳሳቱም። ታናሽ ወንድሜ ግን ድጓውንም አስኳላውንም ቻለው። ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከመንደራችን እዚያ የገባ እሱ የመጀመሪያው ነው። ደብዳቤው በመጣ ቁጥር አባቴ «ለመሆኑ ፈተናው በንባብ ነው በዜማ?» ይሉኝ ነበር። «በጽሑፍ ነው» ስላቸው «አይ፣ እንግዲያ ማንም ያልፈዋል» ይላሉ።

ማንም የሚያልፈው አልነበረም። በዚያ ዓመት የወንድሜ ነገር በቋፍ ላይ ነበር። ያለፈው ውጤቱ ዝቅ ስላለ ማስጠንቀቂያ ላይ አውለውታል፤ በእነሱ አፍ ፕሮቤሽን ይባላል። የጥር ወር ፈተና ካልቀናው ዲስሚስ ነው። ይኼኛውን ቃል ደግሞ ማንም ሳይተረጉምልን ገብቶናል፤ ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣ ማለት ነው።

አባቴ ያረፉት በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርዮ ማርያም ነው። ማኅሌት ቆመው አድረው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ቤት ገብተው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ታመው አያውቁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በሕይወታቸው ታመው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ከቀብር መልስ ለወንድሜ እንዴት እንላክ የሚል ነገር ተነሣ። ደብረ ታቦር ሄጄ ሽቦ አስመታለሁ አልኩ። አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ፊቷን ነጭታ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ምን ብለህ?»

«አባታችን አረፉ ብዬ ነዋ።»

«መርዶ በሽቦ? አብደሃል እንዴ አንተ ሰው? ልጁ በሰው አገር፣ ያዥ ደጋፊ በሌለበት፣ ወረቀት ታቅፎ ብቻውን እዬዬ ሊል? ኧረ በማርያም! ታመዋል በል። እዚህ ይድረስና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል።»

አንድም ሰው አልተቃወማትም። ምኑን ይቃወማል? አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሰው የሞተበት ሰው ከሩቅ ሲጠራ «ታመዋል» ተብሎ ይጠራል፤ «በጠና» ከታከለችበት ደግሞ ጉድጓዱ ተቆፍሯል ማለት ነው። የሚልከውም ያውቃል፣ የሚላክለትም ያውቃል። ማወቁን እስኪደርስ ድረስ በሆዱ ይዞ እንዲመጣ፣ ተስፋ የምታህል ስንቅ ማስያዝ ነው እንጂ ማታለል አይደለም።

እኔ በነጋታው በቅሎ ጭኜ፣ ሣልስታቸውን እንኳ ቤት ሳልውል ደብረ ታቦር ገባሁ። በጥር ሃያ ሦስት መሆኑ ነው። ፀጉሬን ተላጭቻለሁ፣ ጋቢዬን አዘቅዝቄአለሁ። የቴሌግራሙ ሠራተኛ ጽሑፌን አነበበና ራሴን አየ።

«ምንዎ ናቸው?»

«አባቴ።»

«ነፍስ ይማር» አለኝ። ከዚያ አጎንብሶ «በጠና ታመዋል» የምትለውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጠና ላከልኝ። ሞተዋል ልበል ታመዋል ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ቴሌግራሙ ወንድሜ ዘንድ የደረሰው በፈተናው ዋዜማ ነው። ይዞት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠ፤ አንዱ ጸሐፊ ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይሉ ውስጥ ከተተና «ሂድ፤ ስትመለስ ማስረጃ ይዘህ ና» አለው። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ የቀረውን በእግሩ አምስት ቀን ተጉዞ ደረሰ። እንደ ደንቡ አክስቴ ቤት አሳደርነው፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገቡ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ገና «እንግዲህ ልጃችን፣ የሰው ልጅ…» ሲሉ ቀድሟቸው አለቀሰ።

«አውቄ ነበር» አለኝ ኋላ። «አባዬ መቼ ታመው ያውቃሉ?»

ማስረጃ ተብሏልና የደብሩ አለቃ ጻፉልን። ጽሑፍ ይችሉበታል፤ አባቴ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በጥር ሃያ አንድ፣ በሰላም እንዳረፉና በደብሩ እንደተቀበሩ አስፍረው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖረውን ማኅተም አውጥተው መቱበት። እኔም ለወትሮው መርካቶ የምወስደው ቆዳ ነበረኝና ከወንድሜ ጋር አዲስ አበባ ወረድኩ። ነገሩ የአንድ ቀን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አባቴ ዘንድ እንደዚያ ነበርና። ተማሪያቸው ወላጁ ሲሞት ሄዶ ቀብሮ፣ ራሱን ተላጭቶ ይመለሳል። አባቴ መጀመሪያ «እህል ቀምሰሃል?» ቀጥሎ «የት ላይ ነበርን?» ይሉታል፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ማስረጃው የተላጨው ራሱ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፈረንጅ ነው፤ የበላይ እሱ ነው። ሌላው ክራቫቱን እንደ ሸምቀቆ ያጠበቀ የእኛው ሰው፣ አስተርጓሚም አጣሪም። ወንድሜ በራሱ እንግሊዝኛ ሊናገር አፉን ቢከፍት «ስትጠየቅ ትመልሳለህ» አለው። ደንቡን ነገረን፦ ፈተና ያመለጠው ተማሪ የማካካሻ ፈተና የሚሰጠው ራሱ ታሞ ሆስፒታል ከነበረ፣ ወይም እናት ወይም አባቱ ከሞተበት ነው። የወላጅ ሕመም አይቆጠርም። ያለበለዚያ ያልተቀመጠበት ፈተና ሁሉ እንደ ወደቀ ይመዘገባል። ወንድሜ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ላይ ነው፤ ከተመዘገበበት አለቀለት።

ቴሌግራሙንና የአለቃውን ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«አባትዎ የሞቱት መቼ ነው?»

«በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርዮ ማርያም።»

«ቴሌግራሙ የተላከው?»

«በሃያ ሦስት።»

«ታመዋል ነው የሚለው።»

«አዎን፣ ታመዋል ነው የሚለው።»

«እንግዲያ አባትዎ ከሞቱ በኋላ ነው የታመሙት?»

«ጌታዬ፣ መርዶ ነው እኮ። መርዶ በሽቦ አይነገርም ተብሎ…»

እጁን አንሥቶ አስቆመኝና ወደ ፈረንጁ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ፈረንጁ እኛን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያዝንልን ይመስላል። ምን እንዳለው ወንድሜ ውጭ ስንወጣ ነገረኝ። «ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚጣረስ ሰነድ አቅርቧል» ነው ያለው። መርዶ የምትለዋን ቃል አልነካትም። እንኳን ሊያስረዳት፣ እንደ ትኩስ ድንች እንኳ አላገላበጣትም።

የገረመኝ አነጋገሩ ነው። አማርኛው ክራቫት ቢያስርም ከሥሩ የእኛው አገር ነው። ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አገርዎ ወዴት ነው?»

ግራ ቀኙን አየ። «እስቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ።»

«ወላጆችዎ አሉ?»

«እናቴ አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር። እንዴት ብለው ነው የጠሩዎ?»

ጫማውን አየ፤ ጥሩ ጫማ ነበር፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ። «ታማለች ተብዬ» አለ።

«ታዲያስ!»

«ታዲያማ ምን? እኔ ባውቀውስ? ፎርሙ አያውቀውም።»

«ለፈረንጁ ይንገሩልና!»

«ምን ልበለው? የአገሬ ሰው የሞተውን ታመመ እያለ በቴሌግራም ይላላካል ልበለው? ይሳቅብኝ?»

እናቱን ከፈረንጁ ደበቀ። እኔ በንግድ ብዙ ወራዳ አይቻለሁ፤ የገዛ ወንድሙን በሚዛን የሚሠርቅ አውቃለሁ። በእናቱ መርዶ ያፈረ ግን ያን ቀን አየሁ።

ሊሄድ ሲል አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ከሁለቱ ወረቀት አንዱ ይታረም» አለኝ። «ቴሌግራሙ የመንግሥት ነው፤ አይታረምም።»

«እንግዲያ የሚታረሙት አባቴ ናቸው።»

«ደብዳቤው» አለ ቆጣ ብሎ። «እስከ መጋቢት አጋማሽ ጊዜ አላችሁ።»

ወንድሜን እዚያው ትቼው፣ እኔ ለአባቴ ተዝካር ወደ ጋይንት ተመለስኩ። አርባቸው በየካቲት ሠላሳ ወጣ። ካህናቱ በልተው ሲበተኑ አለቃውን ለብቻ ይዤ ጉዳዩን አጫወትኳቸው። ደብዳቤውን «በጥር ሃያ አራት» ብለው እንዲለውጡልኝ ለመንኳቸው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የጠየቅኩት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ ያወጣነው የስንት ቀናቸውን ነው?»

«አርባቸውን።»

«ከሃያ አራት ብንቆጥርስ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ሠላሳ ሰባት።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ካህን የጸለየውና የበላው የምን ነው? የሠላሳ ሰባት የሚባል ተዝካር ሰምተሃል? ደግሞስ እመቤታችን ባረፈችበት ዕለት ማረፍ ለስንት ጻድቅ ያልተሰጠ ነው። አባትህ ያገኙትን ክብር እኔ በብዕር ልግፈፋቸው?»

«ልጃቸው ከትምህርት ሊባረር ነው፣ አለቃ።»

ያን ጊዜ ልባቸው ተነካ። የአገራችን የመርዶ ደንብ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉልኝ። ሐዘንተኛ በድንገት እንዳይደነግጥ የሚደረገውን፣ ዘመድ የሚሰበሰብበትን፣ ከመጽሐፍ ጥቅስ ሳይቀር። እኔ እንኳ ሳነበው አለቀስኩ። አዲስ አበባ ወስጄ ለእስቴው ሰው ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አየ፣ ገለበጠ፣ የመጨረሻዋን አየ።

«ይህ ትምህርት ነው» አለና መለሰልኝ። «ማስረጃ አይደለም።»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ትምህርት ነው» ብሎ ወረቀት የሚመልስ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደማውቀው ሙያ ተመለስኩ። ገዢው ነጭ ባቄላ ካለ ነጭ ባቄላ ነው የምታቀርብለት፤ ጥቁሩ ይጣፍጣል ብለህ አትሰብከውም። አንድ ፍርድ ቤት አጠገብ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጻፊ ነበር፤ ሁለት ብዕር፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን። ጉዳዬን ገና ስጀምርለት ገባው።

«ሟች ምንዎ ናቸው?»

«አባቴ።»

«መቼ እንዲሞቱ ይፈለጋል?»

እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው በዚያ ከተማ አላየሁም። «በጥር ሃያ አራት» አልኩት።

«ጥሩ ቀን ነው፤ ተክለ ሃይማኖት። የየትኛው ደብር ይሁን?»

እዚህ ላይ ልቤ እንቢ አለኝ። የአባቴን ደብር ስም በሐሰት ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ከበደኝ። «ሌላ ይሁን» አልኩት። እሱም በአገሩ ሁሉ ቢፈለግ የማይገኝ የደብር ስም ፈጠረልኝና፣ ከሣጥኑ ውስጥ ከጎማ የተቀረጸ ማኅተም አውጥቶ መታበት። መስቀሉ ትንሽ ተጣሟል። ኋላ ዋጋ ያስከፈለችን ያች የኔ ይሉኝታ ናት፤ ነጋዴ ሲያፍር ይከስራል።

ለወንድሜ ሳሳየው ይቆጣል ብዬ ነበር። የድጓ መምህር ልጅ አይደል? ተቀብሎኝ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገና «ማኅተሙ ይነበባል» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ይዘነው ገባን። የእስቴው ሰው ከወረቀቱ ላይ ቀኗን ብቻ አየ። ቴሌግራሙን አወጣ፣ ሃያ ሦስት ታመሙ፤ ደብዳቤውን አየ፣ ሃያ አራት ሞቱ። «አሁን ገና ሆነ» አለ። የአለቃውን እውነተኛ ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ ሰጠኝ፤ «ይህን ይውሰዱት፤ ፋይሉን ያበላሻል።» ከዚያ ለፈረንጁ አቀረበለት። ፈረንጁ አነበበ፣ ከመቀመጫው ተነሣ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና አንድ ነገር ተናገረ።

«ነፍሳቸውን ይማር ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

አባቴ በዚያ ቤት የሞቱት ያን ጊዜ ነው። ማኅሌት ቆመው አድረው ያረፉት ሰውዬ ነፍስ ይማር አላገኙም፤ በጎማ ማኅተም ለሞቱት ግን ብድግ ተባለላቸው። እጄን ቶሎ አስለቅቄ ወጣሁና ደጅ ላይ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት። ፈረንጁ ምን አደረገኝ? ምንም። የጠረግሁት ያንን የእስቴውን ሰው ነው፤ እርግጡን ለመናገር ራሴንም ነው።

ወንድሜ ማካካሻውን ተፈተነ፣ አለፈ፣ ከማስጠንቀቂያውም ወጣ። አክስቴ ደስታዋ ወሰን አጣ። እንዴት እንደሆነ አልነገርናትም።

ዓመቱ ዞረ። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ወንድሜ ሊመጣ ፈቃድ ጠየቀ። በአስተርዮ ማርያም ልድረስ ቢል ፋይሉን አወጡ። «አባትህ የሞቱት በሃያ አራት ነው፤ ቀድመህ ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?» አሉት። በሃያ አራት የሚያደርሰውን ያህል ፈቀዱለት፤ ሁለት ፈተናም አዛወሩለት። ግን ከደብሩ የሙት ዓመቱን ማስረጃ አስመትቶ ካልተመለሰ የተዛወረው ፈተና ይሰረዛል።

እኛ ሙት ዓመቱን በቀኑ አወጣነው። እሱ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሃያ አራት ሲደርስ ዳሱ ፈርሷል፣ ዕቃው ታጥቦ ለየባለቤቱ ተመልሷል። አክስቴ ደጅ ላይ አገኘችው።

«የኔ ልጅ፣ ለማን ሙት ዓመት ነው የመጣኸው?»

«ለአባዬ።»

«የአባትህማ በማርያም ዕለት አልፎ! አይ አንተ! ቀብራቸውን አልደረስክ፣ ሙት ዓመታቸውን አልደረስክ፤ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይኼ አባት የማያስቀብር?»

ይዤው ወደ ደብሩ ሄድኩ። አለቃው ከቅዳሴ ወጥተው አጥሩ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔን ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ጥቁር ለብሼ ሲያዩ ደነገጡ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

«አባቴ ናቸው» አልኳቸው። «በመንግሥት በኩል የሞቱት ዛሬ ነው።»

አልሳቁም። ነገሩን ሁሉ፣ በረንዳውንም፣ የጎማውን ማኅተምም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ቁሙ» አሉ መቋሚያቸውን ይዘው እየተነሡ። «ውሸት እንዳይሆን ዛሬም ጸሎት እናድርስ። በተክለ ሃይማኖት ዕለት መጸለይ አልተከለከለም።»

መቃብሩ ራስጌ ቆመው ፍትሐት አደረሱ። እሳቸው ሲጨርሱ ወንድሜ አሜን አለ። ከዚያ አለቃው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው «በጥር ሃያ አራት በአባታቸው መቃብር ጸሎት ተደርጓል» ብለው ጻፉ። እውነት ነው፤ ቀኑም እውነት፣ ጸሎቱም እውነት፣ መቃብሩም እውነት። ማኅተሙን ከጨርቁ ፈቱና እፍ አሉበት።

«አባ፣ ይቆዩ» አለ ወንድሜ።

ማኅተሙን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከእሳቸው በፊት ከነበሩት አለቃ፣ ከእሳቸውም በፊት ከነበሩት የወረደ ማኅተም ነው።

«ይኼ አይሆንም» አለ። «በፋይሌ ውስጥ ያለው ደብር ሌላ ነው፤ ማኅተሙም ሌላ ነው። ይህን ይዤ ብገባ ሐሰተኛ ነው ይሉኛል።»

አለቃው እንደ ተሰደበ ሰው አዩት። እሱ ግን አላያቸውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ የገብስ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው እፍረት በሌለው ድምፅ፣

«ያ ሰውዬ፣ በረንዳው ላይ ያለው፣ አሁንም አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

አለቃው ማኅተማቸውን ከእጁ ወስደው መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።